ኩላሊት ለጋሽ ከመምረጥዎ በፊት፦ የዘረመል ተዛማጅነትን እንዴት ማጣራት ይቻላል?

ጅማ ውስጥ የኩላሊት እጥበት የጀመረ ሰው ያለበት ቤተሰብ ብዙም ሳይቆይ «ማን ይስጠው?» ማለቱ አይቀርም። የደም ዓይነት ከገጠመ በኋላ ትልቁ ጉዳይ በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ያሉት ኤችኤልኤ የሚባሉት ጂኖች ናቸው። ነጭ የደም ሴሎች የራስን አካል ከባዕድ የሚለዩት እነዚህ ጂኖች በሚያሠሯቸው ፕሮቲኖች ነው፤ ሰውነት የተተከለለትን ኩላሊት «አልቀበልም» የሚለውም በአብዛኛው በዚሁ ልዩነት ነው።

1. የእናትም የአባትም ልጆችን ያስቀድሙ። እያንዳንዱ ሰው አንድ የኤችኤልኤ ስብስብ ከእናቱ፣ አንድ ከአባቱ ይወርሳል። ስለዚህ አንድ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ፣ በግማሽ የመግጠም 50 በመቶ፣ ጨርሶ ያለመግጠም 25 በመቶ ነው። አራት ወንድማማቾች አሉ ማለት ግን አንዱ የግድ ይገጥማል ማለት አይደለም። ወላጅና ልጅ ሁልጊዜ ቢያንስ በግማሽ ይገጥማሉ።

2. ውጤቱን ማንበብ ይወቁ። ላቦራቶሪው በተለምዶ ኤ፣ ቢ እና ዲአር የተባሉትን ጂኖች፣ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 6 ያወዳድራል። ከሦስቱ ይበልጥ የሚከብደው የዲአር ልዩነት ነው። ቁጥሩ ዝቅ አለ ብለው ለጋሹን አይመልሱት፤ በመድኃኒት እየታገዘ፣ ምንም ሳይገጥም የተሳካ ንቅለ ተከላ ብዙ ነው።

3. የፀረ እንግዳ አካል ታሪክን ይጻፉ። ብዙ ቤተሰብ የሚዘነጋው ይህንን ነው። ተቀባዩ ደም ከወሰደ፣ ካረገዘች ወይም ከዚህ በፊት ንቅለ ተከላ ከተደረገለት፣ ሰውነቱ የሌላ ሰውን ኤችኤልኤ የሚያጠቃ ፕሮቲን፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካል፣ አስቀድሞ አዘጋጅቶ ሊሆን ይችላል። አራት የወለደች እናት በእርግዝናዋ ወቅት የባሏን ኤችኤልኤ በጽንሱ በኩል አግኝታዋለች። ስለዚህ ባሏ ብቻ ሳይሆን በግማሽ የሚገጥማት ልጇም፣ ከአባቱ በወረሰው በኩል፣ ላይሆናት ይችላል። ተቀባዩ ደም የወሰደበትን ቀንና ቦታ፣ ውርጃን ጨምሮ የእርግዝናውን ብዛት በወረቀት ይያዙ። በእጥበት ላይ ሳሉ ደም ማነስ ሲያጋጥም ደም ሳይወስዱ በብረትና ቀይ የደም ሴል እንዲመረት በሚያግዘው በኤሪትሮፖይቲን መርፌ ሊታከም ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን ደም መውሰድ ይቀድማል።

4. ክሮስማች ያሠሩ። የለጋሹ ነጭ የደም ሴል ከተቀባዩ ሴረም (ፀረ እንግዳ አካል ካለበት የደም ፈሳሽ ክፍል) ጋር ይቀላቀላል። ሴሎቹ ከሞቱ ውጤቱ ፖዘቲቭ ነው፤ ይህ ታልፎ ቢተከል ኩላሊቱ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ከምርመራው በኋላ ደም የወሰደ ሰው የድሮውን ውጤት ሊተማመንበት አይገባም፤ ይናገር፣ ይደገምለት። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ የጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። ከጅማ ሲጓዙ ለጋሽና ተቀባይ አብረው ቢሄዱ ይሻላል፤ ደም የሚፈለገው ከሁለቱም ነው።

5. የመድኃኒቱን መጠን ያስለኩ። ሲዋይፒ3ኤ5 የተባለው ጂን የሚሠራላቸው ሰዎች፣ በአፍሪካውያን ዘንድ ብዙ ናቸው፣ ሰውነት የተተከለውን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወሰደውን ታክሮሊመስ የተባለ መድኃኒት ቶሎ ስለሚያስወግዱ ከተለመደው 1.5 እስከ 2 እጥፍ ሊያስፈልጋቸው ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲንም በደም ውስጥ ያለውን የታክሮሊመስ መጠን በጣም ይቀንሰዋል። በራስዎ ግን አይጨምሩ። መድኃኒቱን ማታ 2 ሰዓት የሚወስዱ ከሆነ ለመጠን ምርመራው ደም የሚሰጡት ጠዋት 2 ሰዓት፣ የጠዋቱን ሳይውጡ ነው፤ ክኒኑን ይዘው ይሂዱና ደም እንደሰጡ ይዋጡት።