የቅድመ አያታችሁ ስም ለየት ያለ ከሆነ

የቅድመ አያታችሁ ስም እንደ ከበደና በቀለ የተለመደ ካልሆነ ደስ ይበላችሁ። ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ወይም ሰበታ አካባቢ ዘመድ ስታፈላልጉ ትልቅ አቅጣጫ ይሰጣችኋል። ግን ስሙን ብቻውን አትጠይቁ። የእኛ ስም በየትውልዱ ስለሚቀየር የልጁንና የአባቱንም ስም አብራችሁ ያዙ።

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው የሰፈሩን የቆየ እድር ነው። አባል ሲሞት ብዙ ጊዜ ሚስቱ ወይም ልጁ ይተካሉ። የድሮው መዝገብ በእጅ የተጻፈ ከሆነ የተሰረዘውን ስም አትለፉት፤ አጠገቡ እሱን የተካው ሰው ስም ሊኖር ይችላል። ጸሐፊውን በትሕትና ጠይቁ፣ ዳኛውንም አስፈቅዱ።

የፊደሉን ነገር አደራ! ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። በኦሮሚያ ከተሞች ደግሞ ፋይሉ በቁቤ ሊሆን ስለሚችል፣ ስሙን በቁቤም ጽፋችሁ ሂዱ።

ቤተ ክርስቲያን ስትጠይቁ የክርስትና ስም ያስፈልጋል፤ ፍትሐት የሚደረገው በእሱ ነው። ስሙ በ«አባ» የሚጀምር ከሆነም የፈረስ ስም እንዳይሆን አጣሩ። አፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ይባሉ እንደነበረው ማለት ነው።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ ለቅድመ አያት ብዙም አይረዳም። ይልቅ የቤተሰቡን ሳጥን አስከፍቱ። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት የተቆረጠ የግብር ደረሰኝ ከተገኘ የባለመሬቱን ስም እዚያው ልታገኙት ትችላላችሁ። ወዲያው በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ወረቀቱ በቀላሉ ይቀደዳል።