ባንኮክ ሁለት ሆኖ ለሚገባ፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በጀርባ ቦርሳ

ባንኮክ በጀርባ ቦርሳ ለሚጓዝ ጀማሪ አታስቸግርም። ምግቡ በየመንገዱ አለ፣ ባቡሩ ንጹሕ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ሱቅ በየጥጉ ይገኛል። ጥንዶችን የምትፈትነው በሌላ በኩል ነው። ሙቀቱ፣ የእንቅልፍ መዛባቱና በየአምስት ደቂቃው የሚመጣው ጥቃቅን ውሳኔ (በየት እንሂድ? ስንት እንክፈል? እዚህ እንብላ?) ሲደራረብ የመጀመሪያው ቀን በኩርፊያ ያልቃል። መፍትሔው ውሳኔውን አገር ቤት ጨርሶ መምጣትና ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ቲኬታችሁ ላይ ያለው ግን በፈረንጅ ነውና እንዳይምታታባችሁ።

ከመነሳታችሁ በፊት

ቪዛውን ሁሉም ያስታውሰዋል፣ የሚረሳው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ታይላንድ ከኢትዮጵያ የሚመጣን ሰው ካርዱን ትጠይቃለች። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት መሯሯጥ አይጠቅምም። የቪዛ ደንቡ በየጊዜው ስለሚቀያየር ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ከታይላንድ ኤምባሲ አረጋግጡ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ከያዛችሁ ደግሞ ለአንዱ የሚሠራው ለሌላው ላይሠራ ይችላል፤ ለየብቻ ጠይቁ።

ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ መንገደኛ ከመድረሱ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ዲጂታል የመግቢያ ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላል። ቅጹ ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ መንግሥት ያወጣው አይደለም፣ ዝጉት። የሁለታችሁንም ማረጋገጫ በሁለታችሁም ስልክ ላይ አስቀምጡ፤ የአንዱ ባትሪ የሚያልቀው ሁልጊዜ ወረፋ ላይ ነው።

ቦርሳው ለአንድ ሰው 40 ሊትር ይበቃል፤ እቤት መዝኑት፣ ከ8 ኪሎ ካለፈ የሆነ ነገር አውጡ። ለአምስት ቀን የሚሆን ልብስ ያዙ፣ ቀሪው እዚያ ይታጠባል። ትከሻ የሚሸፍን ሸሚዝና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሰፋ ያለ ሱሪ ወይም ቀሚስ ለእያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ግድ ነው፣ ምክንያቱን ወደታች ታገኙታላችሁ። የሶኬት መቀየሪያ አትግዙ፤ የእኛ አገር ባለ ሁለት ክብ እግር መሰኪያ እዚያም ይገባል፣ ኤሌክትሪኩም 220 ቮልት ነው።

ገንዘቡን በአንድ ሰው ኪስ አታድርጉ። ዶላሩን ለሁለት ክፈሉት፣ እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ፓስፖርትና የተለያየ ካርድ ያዙ፣ ካርዱም ውጭ አገር እንዲሠራ ባንካችሁ መክፈቱን አረጋግጡ። የተጻፈበት ወይም የተቀደደ ዶላር አይቀበሏችሁም፤ ባለ 100 ደግሞ ከባለ 20 የተሻለ ምንዛሪ ያስገኛል።

ሱቫርናብሁሚ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ

ከአውሮፕላን ስትወርዱ ሰዉ ወደሚጎርፍበት የኢሚግሬሽን ወረፋ ቀጥታ አትሂዱ። መጀመሪያ የጤና ቁጥጥር የሚል ጠረጴዛ አለ፤ እዚያ የቢጫ ወባ ካርዳችሁን አሳይታችሁ ወረቀት ትሞላላችሁ፣ ማህተም ይመቱላችኋል። ይህን ሳያደርግ የተሰለፈ ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ይመለሳል፣ ወረፋውንም ከጅራቱ ይጀምራል።

ሻንጣ ከተቀበላችሁ በኋላ በመግቢያው አዳራሽ ያሉት ምንዛሪ ቤቶች ውድ ናቸው። በአሳንሰር ወደ ምድር ቤት፣ ከባቡሩ አጠገብ ውረዱ፤ እዚያ የተደረደሩት ትንንሽ ምንዛሪ ቤቶች የሚሰጡት ዋጋ ከተማ ውስጥ ካለው ብዙም አይርቅም። ኤቲኤም ከመረጣችሁ በእያንዳንዱ ማውጣት 220 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ገደማ ክፍያ ስላለ በአንድ ጊዜ በርከት አድርጋችሁ አውጡ። ማሽኑ «በራስዎ ገንዘብ እንመንዝርልዎ?» ብሎ ሲጠይቅ እምቢ ብላችሁ ባት የሚለውን ምረጡ፤ ያለዚያ በማሽኑ ዋጋ ነው የሚመነዘርባችሁ።

ሲም ካርድ በፓስፖርት ነው የሚወጣው። አንድ ገዝቶ ለሁለት መጋራት ቁጠባ ይመስላል፣ ግን በተለያያችሁባት ሰዓት አንዳችሁ ያለ ካርታና ያለ ስልክ ትቀራላችሁ። ሁለት ግዙ።

ወደ ከተማ መግቢያው ላይ ሁለት መሆን ሒሳቡን ይቀይረዋል። የኤርፖርቱ ባቡር እስከ መጨረሻው ጣቢያ ፓያ ታይ ለአንድ ሰው 45 ባት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፣ እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። ለሁለት 90 ባት መሆኑ ነው። ታክሲ ሜትሩ ከ35 ባት ይነሳል፣ የኤርፖርት 50 ባት ይጨመርበታል፣ የፈጣን መንገዱንም ክፍያ ተሳፋሪው ነው የሚከፍለው፤ ተደማምሮ ወደ መሀል ከተማ ከ300 እስከ 450 ባት ይመጣል። ቀን ከገባችሁና ማደሪያችሁ ባቡሩ አጠገብ ከሆነ ባቡር፣ ማታ ወይም ዝናብ ላይ ከሆነ ታክሲ። ለታክሲ ቁጥር 1 ወደሚለው ፎቅ ሂዱና ከማሽኑ ቁጥር ያለው ወረቀት ውሰዱ፤ ቁጥሩ የቆመውን መኪና ይነግራችኋል። ወረቀቱን ለሾፌሩ አትስጡት፣ ቅሬታ ቢኖር ማስረጃችሁ እሱ ነው። ሾፌሩ ሜትር አልከፍትም ካለ ሳይነሳ ውረዱ። ከተማ ውስጥ ግራብ እና ቦልት እንደኛው ራይድና ፈረስ ዋጋውን አስቀድመው ያሳያሉ።

የት ማደር?

ብዙ ሰው የሚያውቀው ካኦ ሳን መንገድን ነው። ለማታ ሽርሽር ጥሩ ነው፣ ለመጀመሪያ እንቅልፍ ግን መጥፎ ምርጫ ነው፦ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይጮኻል፣ አጠገቡም ባቡር የለም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሌሊቶች ፓያ ታይ ወይም ራቻቴዊ አካባቢ ያዙ፤ የኤርፖርቱ ባቡርና የከተማው የሰማይ ባቡር እዚያ ይገናኛሉ። በሆስቴል አንድ አልጋ ከ300 እስከ 400 ባት ከሆነ ሁለት አልጋ ከ600 እስከ 800 ነው፤ በዚያው ዋጋ አየር ማቀዝቀዣ ያለው የግል ክፍል ይገኛል። ለሁለት ሰው የጋራ ክፍል አያዋጣም። በረራችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚደርስ ከሆነ ክፍሉን የምትይዙት በቀዳሚው ዕለት ቀን ነው፤ ብዙ ሰው ይህን ተሳስቶ ንጋት ላይ በር ላይ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ቀን፦ ምንም አታቅዱ

ባንኮክ ከአዲስ አበባ በ4 ሰዓት ትቀድማለች። ማታ 5 ሰዓት ላይ ሰውነታችሁ ገና ምሽት 1 ሰዓት ነው የሚለው፣ እንቅልፍ አይመጣም፤ ጠዋት ደግሞ መነሳት ያቅታል። ቀን ላይ ከተኛችሁ ከግማሽ ሰዓት አይለፍ፣ ከሰዓት በኋላም ፀሐይ አይታችሁ ተንቀሳቀሱ። ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ግን ውጭ በእግር አትንከራተቱ፣ በተለይ ሚያዝያ ላይ። የቧንቧ ውኃ አይጠጣም። መሀሉ ቀዳዳ የሆነው በርሜል መሳይ በረዶ በፋብሪካ የተሠራ ስለሆነ አያስፈራም። ከሱቅ ወተት ስትገዙ ካርቶኑ ላይ 2568 ወይም 2569 የሚል ዓመት ብታዩ አትደንግጡ፣ የታዮች አቆጣጠር ከፈረንጁ በ543 ዓመት ይቀድማል። በነገራችን ላይ በቆየው አቆጣጠራቸው ማታ 2 ሰዓት የሚሉት እኛም 2 ሰዓት የምንለውን ነው።

ምግቡ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጾመኛ የሆነ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። «ሥጋ አልበላም» ማለት ታይላንድ ውስጥ አይበቃም። አትክልት ብቻ የሚመስለው ጥብስ የዓሣ መረቅ ይንቆረቆርበታል፣ ሾርባው የአጥንት ነው፣ የፓፓያው ሰላጣ ውስጥ የደረቀ ሽሪምፕ አለ፣ እንቁላል ደግሞ ሳይጠየቅ ይጨመራል። የሚያዋጣው ቢጫ ጨርቅ ወይም ሰሌዳ ላይ በቀይ የተጻፈች ሁለት ፊደል መፈለግ ነው፤ «ጄ» ብለው ያነቧታል። ያ ምልክት ያለበት ቤት ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልም ሆነ ወተት አያስገባም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የለበትም። የምልክቱን ፎቶ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡና ለሻጭ አሳዩ። በምሳ ሰዓት ሂዱ፣ ብዙዎቹ ከሰዓት ይዘጋሉ። ሐላል የሚፈልግ ደግሞ ናና ጣቢያ ወርዶ ሱኩምቪት ሶይ 3 (ሶይ ማለት ቅያስ መንገድ ነው) አካባቢ የአረብ ምግብ ቤቶች ይደረደሩለታል። ለሌላው ሰው የመንገድ ምግብ አንድ ሳህን ከ50 እስከ 80 ባት ነው፤ ምጣዱ ፊታችሁ የሚግልበትንና የአገሬው ሰው የተሰለፈበትን ምረጡ። ሚጥሚጣ የለመደ አፍም ቢሆን የመጀመሪያው ቀን «ማይ ፔት» ይበል፣ አታቃጥለው እንደማለት ነው፤ ጨጓራው ገና አልለመደም።

ሁለተኛው ቀን፦ ቤተ መንግሥቱና ወንዙ

ታላቁ ቤተ መንግሥት ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 9፡30 ትኬት ይቆርጣል፣ ለአንድ ሰው 500 ባት። 2፡15 በሩ ላይ ሁኑ፤ 4 ሰዓት ሲሆን አስጎብኚ የሚመራው ሕዝብ ይሞላዋል። ቁምጣ፣ እጅጌ የሌለው ልብስ፣ የተቀደደ ጂንስና የተጣበቀ ሱሪ አይገባም። መንገድ ላይ ጥሩ የለበሰ ሰው ቀርቦ «ዛሬ ሥነ ሥርዓት ስላለ ተዘግቷል፣ በዚህ ቱክ ቱክ (ባጃጅ) ሌላ ቤተ መቅደስ ልውሰዳችሁ፣ 40 ባት ብቻ» ይላችኋል። አልተዘጋም። ቱክ ቱኩ የሚያደርሳችሁ ሾፌሩ ኮሚሽን የሚያገኝበት የከበረ ድንጋይ ወይም የልብስ ስፌት ቤት ነው። መልስ ሳትሰጡ እስከ በሩ ሂዱ። ከሁለት አንዱ ቆሞ በትህትና ማውራት ከጀመረ ሌላው ይጎትተው።

ከዚያ ወደ ደቡብ ትንሽ ስትራመዱ 46 ሜትር የሚረዝመው የተጋደመ ቡድሃ ያለበት ዋት ፖ (ዋት ማለት ቤተ መቅደስ ነው) አለ፣ 300 ባት። ከታ ቲየን ወደብ ትንሿ ጀልባ በ5 ባት ወደ ዋት አሩን ታሻግራለች፣ መግቢያው 200 ባት። ሦስቱ ለሁለት ሰው 2,000 ባት ይሆናል፤ ከዕለት ወጪያችሁ ጋር የሚወዳደር ገንዘብ ነው። ቁጠባ ካስፈለገ ዋት አሩንን ከማዶ በጀምበር መጥለቂያ እዩት፣ እንዲያውም የሚያምረው ከዚያ ነው። ስትመለሱ ብርቱካናማ ባንዲራ ያለውን ጀልባ በ16 ባት ይዛችሁ ሳቶርን ውረዱ፣ የሰማይ ባቡሩ እዚያው ነው። ወደቡ ላይ ያሉት ሻጮች የቱሪስቱን ባለ ሰማያዊ ባንዲራ ሊሸጡላችሁ ይሞክራሉ።

ቤተ መቅደስ ውስጥ ጫማ ይወልቃል፣ እግር ወደ ቡድሃው አይዘረጋም፣ መተቃቀፍም ነውር ነው። ሴት ልጅ ወንድ መነኩሴን አትነካም፣ ዕቃም በእጁ አትሰጠውም። የንጉሡን ሥዕል ወይም ሥዕላቸው ያለበትን ገንዘብ ማቃለል በሕግ ያስጠይቃል።

ስለ ባቡሩ ሁለት ነገር። ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር (ሜትሮ) በር ላይ የባንክ ካርድ ነክቶ ማለፍ ይቻላል፣ ግን አንድ ካርድ ሁለት ሰው አያሳልፍም፤ አንዳችሁ ገብታችሁ አንዳችሁ ውጭ ትቀራላችሁ። ሁለት ካርድ ተጠቀሙ ወይም ከማሽኑ ክብ የፕላስቲክ ቶከን ግዙ፤ ስትገቡ ነክታችሁ፣ ስትወጡ ቀዳዳው ውስጥ ትጨምሩታላችሁ። ሁለተኛው መለያየት ነው። በሩ በመሃላችሁ ከተዘጋ የሄደው በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ ሳይነቃነቅ ይጠብቃል፣ የቀረው በሚቀጥለው ባቡር ይከተላል። ይህን ቀድማችሁ ካልተስማማችሁ ሁለታችሁም ልትመለሱ ትሞክሩና ትተላለፋላችሁ።

ሥራውንም በቀን ክፈሉት፦ ዛሬ አንዱ መንገድ ይመራል፣ ሌላው ገንዘብ ይይዛል፤ ነገ ይቀያየራል። የሚመራው ሲሳሳት ሌላው ስልኩን አውጥቶ ማረም የለበትም፣ ካልተጠየቀ በቀር።

ሦስተኛው ቀን

ጠዋት ልብሱን ለላውንደሪ ስጡ፣ በኪሎ 50 ባት አካባቢ ነው፣ ማታ ይደርሳል። ከዚያ ለሦስት ሰዓት ተለያዩ፤ ገበያ የሚወድ ገበያ፣ መተኛት የሚሻ ይተኛ። ቀጥሎ ወደ ሰሜኗ ከተማ ቺያንግ ማይ በሌሊት ባቡር የምትሄዱ ከሆነ ቲኬቱን አስቀድማችሁ ቁረጡ፣ ባለ አልጋው ቶሎ ያልቃል። ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ረጅም መንገድ የሚሄዱት ባቡሮች የሚነሱት ክሩንግ ቴፕ አፊዋት ከሚባለው ባንግ ሱ ካለው ጣቢያ ነው። የቆየ መመሪያ ሁዋ ላምፖንግ ይላል፤ ያንን ለታክሲ ሾፌር ከነገራችሁ ባቡሩ ያመልጣችኋል። አንድ ላይኛና አንድ ታችኛ አልጋ በአንድ ረድፍ ያዙ። ታችኛው ሰፊ ነው፣ ትንሽ ይወደዳል፣ ረጅሙ ሰው ይውሰደው። ሹራባችሁን ግን ቦርሳው ታች አትቅበሩት፣ ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም።