የሒሳብ ሶፍትዌር፦ ገዝቶ መትከል ወይስ በየወሩ እየከፈሉ መጠቀም?

በአገራችን ብዙ ድርጅቶች የለመዱት እንደ ፒችትሪ ያለ ሶፍትዌር በሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ላይ አስጭኖ መሥራትን ነው። እንደ ኩዊክቡክስ ኦንላይን ያሉት ደግሞ በአቅራቢው ሰርቨር (መረጃ በሚቀመጥበት ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ላይ ተቀምጠው በኢንተርኔት የሚሠሩ፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚከፈልባቸው ናቸው። ከመምረጥዎ በፊት የመጀመሪያውን ዋጋ ትተው የሁለቱንም የአምስት ዓመት ወጪ በአንድ ገጽ ላይ ያስፍሩ።

ገዝቶ ለሚተክል ሰው ወጪው በላይሰንሱ (በመጠቀሚያ ፈቃዱ) አያበቃም፤ ሰርቨሩ፣ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤሱና በየጊዜው የሚቀየረው ባትሪው፣ የአይቲ ባለሙያው ደመወዝም ይታሰባሉ። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ድርጅት የበጀት ዓመቱ ሒሳብ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሰርቨሩ ሃርድ ዲስክ ተቃጠለ። ባክአፕ (የመዝገቡ መጠባበቂያ ቅጂ) በየቀኑ ይወሰድ ነበር፤ የሚቀመጠው ግን እዚያው ሰርቨር ላይ ስለነበር የአራት ወር ሒሳብ ከደረሰኝ ክምር ላይ እንደገና መዘገብን። ስለዚህ በራስዎ ቤት የሚተክሉ ከሆነ ባክአፑን ከቢሮ ውጭ የሚያስቀምጥ፣ በየሦስት ወሩም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ የሚያረጋግጥ ኃላፊ አስቀድመው ይመድቡ።

በየወሩ የሚከፈልበት ይህን ሸክም ያቀልላል፤ ነገር ግን ክፍያው በዶላር ከሆነ የምንዛሪው ነገር ከሁሉ በላይ ሊያሳስብዎ ይገባል። ለምሳሌ አሥር ተጠቃሚዎች በነፍስ ወከፍ 15 ዶላር ቢከፍሉ በወር 150 ዶላር ይሆናል። ይህ ገንዘብ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት፣ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ፣ 8,550 ብር ነበር፤ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍ፣ አቅራቢው ዋጋ ሳይጨምር፣ ከ15,000 ብር በላይ ሆነ። የውጭ ምንዛሪውን ከየት እንደሚያገኙም ከባንክዎ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ።

ኢንተርኔቱን ሥራ በሚበዛበት በወር መጨረሻ ይፈትኑት፤ ከመደበኛው መስመር ሌላ የሞባይል ዳታ መጠባበቂያ ይኑርዎ። መስመሩ ሲቋረጥ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ደረሰኝ ቢቆርጥም የመጋዘኑን ቀሪ ማየት አይቻልም። የሠራተኞች ደመወዝ በውጭ አገር ሰርቨር ላይ የሚቀመጥ ከሆነ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ከሕግ አማካሪ ጋር ይመልከቱ።

ብዙዎች የሚዘነጉት ሶፍትዌሩን ሲተዉ መዝገባቸውን ይዘው የሚወጡበትን መንገድ ነው። ውል ሳይፈርሙ የሙከራ ሒሳብ አስገብተው አቅራቢውን ሙሉውን መዝገብ ወደ ኤክሴል አውጣልኝ ይበሉት፤ ይህን ማድረግ ካልቻለ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይፈርሙ።

በእኔ አስተያየት፣ ቅርንጫፎቹ የተበታተኑና የአይቲ ባለሙያ የሌለው ነጋዴ በየወሩ ቢከፍል ይሻለዋል፤ ኢንተርኔት በማያስተማምንበት ቦታ ያለ፣ የራሱ ባለሙያ ያለው ፋብሪካ ግን ገዝቶ ቢተክል ይመረጣል። የትኛውንም ቢመርጡ አዲሱን ሐምሌ 1 ቀን ጀምረው፣ የወሩ መዝጊያ ቀሪ በሁለቱም እስኪገጥም ድረስ ከአሮጌው ጎን ለጎን ያሠሩት።