የቃጠሎ ጉዳት ክብደት ሲመዘን ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ሕመምን የቃጠሎ መለኪያ ማድረግ፣ በእኔ እምነት፣ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው፤ የሚያዘናጋው በጣም በተጎዱት ላይ ነውና። ላይ ላዩን የተቃጠለ ቆዳ የነርቭ ጫፎቹ ስላልሞቱ ክፉኛ ያንገበግባል፤ እስከ ሥሩ የተቃጠለው ግን ነጥቶ ወይም እንደ ደረቀ ሌጦ ጠንክሮ፣ ቢነኩት እንኳ ላይሰማው ይችላል። ስለዚህ «ምንም አያመኝም» የሚል ተጎጂ ሲያጋጥም ቁስሉን ጠጋ ብሎ መመርመር ያስፈልጋል። በንጹሕ ጓንት ጫን ተደርጎ ሲለቀቅ ነጣ ብሎ ወዲያው ወደ ሮዝነቱ የሚመለስ ቁስል ደም እየተዘዋወረበት ነው፤ ነጭ ሆኖ የሚቀር ወይም ቢጫኑትም መቅላቱ የማይለቅ ከሆነ ጉዳቱ ጠልቋል ማለት ነው።

ስፋትን በመለካት ረገድ፣ ቀላ ከማለት በቀር ውኃ ያልቋጠረውንና ያልተላጠውን ቆዳ ከቃጠሎው ጋር መደመር የተለመደ ጥፋት ነው። ሌላው የተበታተኑ ቁስሎችን በመርማሪው መዳፍ መለካት ነው። ከሰውነት ገጽ 1 በመቶ ያህል የሚሆነው፣ ጣቶቹ ተጨምረው፣ የተጎጂው የራሱ መዳፍ ነው፤ የአዋቂ እጅ በሕፃን ደረት ላይ ሲያርፍ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ቦታ ስለሚሸፍን ቃጠሎው ከእውነቱ ያነሰ መስሎ ይታያል። የአዋቂን የዘጠኝ ስሌት፣ ማለትም ሰውነትን በዘጠኝና በዘጠኝ ብዜት መቶኛዎች ከፋፍሎ የቃጠሎን ስፋት መገመቻውን፣ ለሕፃን መጠቀምም እንዲሁ ያሳስታል፤ የአዋቂ ራስ 9 በመቶ፣ አንዱ እግር ደግሞ 18 በመቶ ሲሆን፣ በጨቅላ ሕፃን ራስ 18፣ አንዱ እግር 14 በመቶ ገደማ ነው።

ስህተቱ በወረቀት ላይ አይቀርም። ለተቃጠለ ሰው በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ በሚሰላበት በፓርክላንድ ቀመር የ24 ሰዓቱ መጠን ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደትና ለእያንዳንዱ የተቃጠለ የሰውነት ገጽ መቶኛ 4 ሚሊ ሊትር ስለሆነ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 20 በመቶ ቃጠሎው 30 ተብሎ ቢገመት 5,600 ሚሊ ሊትር የነበረው 8,400 ይሆናል፤ ትርፉም ሳንባንና የተቃጠለውን አካል ያሳብጣል። ግማሹ የሚሰጥባቸው የመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት የሚቆጠሩትም ተጎጂው ሕክምና ከደረሰበት ሳይሆን ከተቃጠለበት ሰዓት ጀምሮ ነው።

ጥልቀትን በመጀመሪያው ቀን ብቻ አይቶ መደምደምም ልክ አይደለም። በሞተው ሥጋ ዙሪያ የደም ዝውውሩ የተዳከመ፣ ሊድንም ሊሞትም የሚችል ክፍል ስላለ፣ ቁስሉ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደገና መታየት አለበት።

ቆዳን ብቻ ማየት ደግሞ ሕይወት ያስከፍላል። የኤሌክትሪክ ቃጠሎ በመዳፍ ላይ የሳንቲም ያህል ቁስል ትቶ ውስጡን ጡንቻ ሊያበስልና የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጭስ የሳበ ሰው የአፍንጫው ፀጉር ከተለበለበ፣ ምራቁ ጥላሸት ካለው ወይም ድምፁ ከጎረነነ፣ ቆዳው ደህና ቢመስልም የአየር ቧንቧው አብጦ ሊዘጋ ይችላል። ክንድን ወይም እግርን ዙሪያውን የከበበ ጥልቅ ቃጠሎም መቶኛው ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም፤ የደረቀው ቆዳ እንደ ማሰሪያ እያጠበቀ የደም ዝውውርን ስለሚያቋርጥ የጣቶቹ ሙቀት፣ ቀለምና የደም ምት በየሰዓቱ መታየት አለበት።