ፊዚክስ ከከበዳችሁ እንዲህ ጠይቁ
መምህራችሁ ጋ ሄዳችሁ «ምዕራፉ አልገባኝም» ብቻ አትበሉ። ከየት እንደሚጀምርላችሁ ይቸገራል። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ራሳችሁ ሞክሩና የቆማችሁበትን መስመር አሳዩት። ለምሳሌ 10 ኪሎ ግራም ዕቃ በ30 ዲግሪ ተዳፋት ላይ አለ እንበል። ሥዕሉን ሥሩ፣ ፎርሶቹን በቀስት አመልክቱ። ክብደቱን ተዳፋቱን ተከትሎ ወደ ታች በሚስበውና ተዳፋቱን በሚጫነው ፎርስ ለሁለት መክፈሉ ላይ ከተያዛችሁ፣ ያስቸገራችሁ ፊዚክሱ ሳይሆን ሳይንና ኮሳይኑ ሊሆን ይችላል። ያኔ የሒሳብ መምህራችሁም ይረዳችኋል። ይህን ብዙ ተማሪ አያስበውም፤ በጣም ያሳዝነኛል። ክፍል ውስጥ መጠየቅ ካሳፈራችሁ በእረፍት ሰዓት ከጓደኛ ጋር ሂዱ። ብቻ ፈተና እስኪደርስ አትጠብቁ። የኒውተን ሕጎች ሳይገቧችሁ ካለፉ ሥራና ኢነርጂ ላይ ስትደርሱ ይብስባችኋል።