የልብ ወለድ ታሪክ ሐሳብ እንዴት ይገኛል? ከመጽሐፍ ገጽ እስከ ገበያ ወሬ

"መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ግን ምን ልጻፍ?" የሚሉኝ ወጣቶች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ሐሳብ ከሰማይ ዱብ እስኪል ይጠብቃሉ። እኔ የምመክረው ሌላ ነው፦ የተገባን ቃል ወይም ያልተከፈለን ዕዳ ፈልጉ። ጎጃም ደግሞ ለዚህ የተመቸ አገር ነው። ስእለት አለ፣ የወሰን ክርክር አለ፣ ማኅበር አለ፣ እድር አለ። ሁሉም ሰውን ከሰው ያስራል።

1. አንዱን መጽሐፍ ሁለቴ አንብቡ

የመጀመሪያው ንባብ ለደስታ ይሁን። እርሳስ አትያዙ። ሥራው ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ያኔ የምትፈልጉት ታሪኩን ያስነሳውን ነገር ነው።

የጎጃሙን ልጅ የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" ውሰዱ። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው። ገና ከመነሻው ማንኩሳ ላይ ባልና ሚስት ለልጃቸው ይሳላሉ፤ ካደገላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጡት። ልጁ በዛብህ አደገ። ስእለቱም አብሮት አደገ። የሰብለ ወንጌል ፍቅር ሲይዘው የሌላ ሰው ቃል ጫንቃው ላይ አለ። የተሳሉት ወላጆቹ፣ ከፋዩ እሱ።

ታሪኩን ቅዱ ማለቴ አይደለም። የምትወስዱት ጥያቄውን ነው፦ ወላጅ የገባውን ቃል ልጅ ይክፈል? ይህን ደብተራችሁ ላይ ጻፉና መጽሐፉን ዝጉ። ከዚያ ጥያቄውን ዛሬ ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ አስገቡት። አባት መሬቱን ለወንድሙ ልጅ "የእኩል እረሰው፣ ማንም አይነቅልህም" ብሎ በቃል ሰጥቶ ሞተ። የራሱ ልጅ አሁን ሥራ አጥቶ ከአዲስ አበባ ተመለሰ፤ ማረስ ይፈልጋል። ወረቀት የለም። ያለችው ምስክር አያት ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ሁለቱንም ትወዳለች። በሉ እንግዲህ!

2. እንደ ቅኔ ተማሪ ተለማመዱ

የጎጃሞቹ ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ትምህርት ስማቸው የተጠራ ነው። የቅኔ ተማሪ መምህሩ ሲቀኙ ይሰማል። ከዚያ ለብቻው ጥግ ይዞ የራሱን ይቆጥራል፤ ማለትም ያዘጋጃል። የሚጀምረው ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ነው። ልኩን ከመምህሩ ይወስዳል፤ ሐሳቡን ግን ራሱ ማምጣት አለበት።

እናንተም እንዲህ አድርጉ። ከወደዳችሁት አጭር ልብ ወለድ ልኩን ብቻ ውሰዱ። ነገሩ በአንድ ቀን የሚያልቅ ከሆነ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ የሚነጋገሩበት ከሆነ፣ ያንን ጠብቁ። ሰዎቹን፣ ቦታውንና ጠቡን ቀይሩ። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ግማሽ ገጽ ላይ ያልቆመ ሐሳብ መቶ ገጽ ላይም አይቆምም ባይ ነኝ። በዚህ የማይስማሙ ጸሐፊዎች አሉ፤ ይሁን።

3. ስሙ፤ ግን ሙሉውን አታጣሩ

የገበያ ቀን፣ ጠላ ቤት፣ ዓባይ በረሃን የሚወርድ አውቶብስ፤ ወሬ የትም አለ። ለቅሶ ቤትም አለ። አልቃሿ በአንድ የሙሾ ግጥም ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ የደበቀውን ልታወጣው ትችላለች። እዚያ ግን ስልክ አውጥቶ መቅዳት ነውር ነው። አንዷን ስንኝ በልባችሁ ያዙና ማታ ጻፏት።

ስትሰሙ ግማሹ ይበቃችኋል። ሙሉውን ካጣራችሁ ዜና ሆነ። እናንተ የምትገቡት ጎደሎው ላይ ነው። ለምሳሌ አንዱ "በሬውን የሸጠው ለልጁ አይደለም አሉ" ብሎ ከአውቶብሱ ወረደ እንበል። ለማን ነው ታዲያ? ሚስቱ ታውቃለች? ወሬውን ማን አወጣው?

4. ሐሳቡን ፈትኑት

ሦስት ነገር ጠይቁ። ሰውየው ምን ይፈልጋል? ማን ይከለክለዋል? ዝም ብሎ ቢቀመጥ ምን ያጣል? የሦስተኛው መልስ "ምንም" ከሆነ ሐሳቡ ደብተር ውስጥ ይቆይ፤ ገና አልበሰለም።

በሬ የሸጠውን ገበሬ እንፈትነው። በጥር ቢሸጥ ብዙም አይጨንቅም። በሰኔ፣ እርሻው በደረሰበት ሰሞን ቢሸጥስ? በአንድ በሬ አይታረስም። መቀናጆ ፍለጋ ይወጣል። አንድ በሬ ያለው ጎረቤት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በወሰን የተካሰሰው ሰው። ያውም የበሬው ገንዘብ የት እንደገባ የሚያውቀው እሱ ነው። ወሬ የነበረው ታሪክ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ምንም አዲስ ነገር አልፈጠርንም፤ ወሩን ቀየርን፣ ጎረቤቱን መረጥን።

5. የሰው ገመና ጠብቁ

ቀበሌው ትንሽ ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል። ስም መቀየር ብቻውን አይሸፍንም። ዕድሜውን፣ ሥራውን፣ ቀዬውንም ቀይሩ። አባትየው የሠራውን ለእናትየው ስጡት። እንዲህ ሲደረግ ታሪኩ ራሱ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

6. ጀምሩ

ደብተሩን ለጥቂት ሳምንት አስቀምጡና መልሳችሁ አንብቡት። አብዛኛው ይሰለቻችኋል፤ ተዉት። እንቅልፍ የሚነሳችሁን አንዱን ያዙ። የሰፈሩን መልክዓ ምድር በመግለጽ አትጀምሩ፤ ያ በኋላ ይደርሳል። ገበሬው የጎረቤቱን አጥር ይዞ "እንዴት አደራችሁ" ከሚልበት ጀምሩ። ጎረቤቱ ምን ብሎ እንደሚመልስ እስካሁን ካላወቃችሁ ጥሩ ነው፤ እሱን ለማወቅ ጻፉ።