ጄሉ መዳብ አልይዝ ሲል ፒኤቹን አስተካከልኩ

ከቡናማ የባሕር አልጌ በሚወጣው አልጂኔት የተሠሩ የጄል እንክብሎች መዳብን ከውሃ ጥሩ አድርገው ይይዛሉ። የኔዎቹ ግን አልይዝ አሉ። ሌሊቱን መዳብ ባለበት ውሃ ውስጥ አድረው ጠዋት ያው ነጣ እንዳሉ ናቸው። የምጠብቀው ሰማያዊ ቀለም ነበር።

እንክብሎቹን በካልሲየም ክሎራይድ እንደ አዲስ ሠራኋቸው፤ ለውጥ የለም። የውሃውን ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ስመለከት ግን 2 አካባቢ ነው! ለካ የተገዛው የመዳብ ሙሙት ናይትሪክ አሲድ ተጨምሮበት ነው የሚመጣው።

አልጂኔት መዳብን የሚይዘው ካርቦክሲል በሚባሉት የአቶም ቡድኖቹ ነው። ፒኤች ከ3.5 ገደማ በጣም ሲወርድ አብዛኛውን ቦታ ሃይድሮጅን ይይዘዋል፤ መዳብ መግቢያ ያጣል።

በጣም የቀጠነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ እያደረግኩ፣ እያማሰልኩ፣ ፒኤቹን ወደ 4.5 አመጣሁት። እንክብሎቹ ከዳር ወደ መሃል ሰማያዊ እየሆኑ ሄዱ። እንዴት ደስ ይላል!

ከ6 በላይ ግን አትውጡ። መዳቡ ራሱ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል፤ እናንተ ጄሉ የያዘው ይመስላችኋል። ፎስፌት ባፈርም (ፒኤችን ባለበት የሚያቆይ ሙሙት) ይቅርባችሁ፤ ጄሉን አስሮ የያዘውን ካልሲየም ነጥቆ እንክብሉን ያፈርሰዋል።